ኤላይጃ ሀርፐርን ያወቅሁት በእድር ስብሰባ ላይ ነው

እዚህ ካናዳ፣ የማኒቶባ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ዊኒፔግ ያለው እድራችን ባለፈው ክረምት ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ስብሰባው የተጠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። ሰዓቱ ሄዷል፤ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ይሯሯጣሉ፤ የአዳራሹ ኪራይ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ሰው ካፖርቱን መልበስ ሲጀምር ዳኛው አንድ ወረቀት አወጡና «ይቺን እንኳ ቶሎ ብለን እናጽድቃት» አሉ። የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ነው። የመዋጮና የአባልነት ነገር አለበት። ብዙዎቻችን ወረቀቱን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ከኋላ በኩል አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ስብሰባ ላይ ብዙም የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ደንባችን ማሻሻያ ሲኖር አባላት ቀድመው ይወቁት ይላል። እኛ አላወቅንም። እኔ አልስማማም» አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። «እማማ፣ ሁላችንም እኮ ተስማምተናል።» «አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ ያግዳል እንዴ?» «ኧረ ባክዎ፣ መሽቷል!» እሳቸው አልተቆጡም፤ አልተከራከሩምም። ያንኑ ቃል ደገሙትና ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

አጠገቤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ወጣት ነበረች። ወደ እኔ ዘንበል ብላ «የእኛ ኤላይጃ ሀርፐር» አለችኝ። ማን ነው እሱ አልኳት። «ምክር ቤት ውስጥ የንስር ላባ ይዞ እምቢ ያለው ሰውዬ ነዋ! ትምህርት ቤት ተምረነዋል።»

ማሻሻያው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ፤ በሰላም ተበተንን። አንድ ጥያቄ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ዳኛው ሕዝቡ የመረጣቸው ቅን ሰው ናቸው። ማሻሻያውም ክፉ አልነበረም። ታዲያ አንድ ሰው «አልስማማም» ስላለ የመቶ ሰው ስምምነት ቢቆም ልክ ነው? ያቺ ወጣት የጠራችው ስም መልስ ያለበት መሰለኝና ማንበብ ጀመርኩ። ማንበቡ ካሰብኩት በላይ ወሰደኝ። የሰውየውን ታሪክ ሳልጽፈው ብቀር እረፍት የማገኝ አይመስለኝም።

ከሬድ ሰከር ሌክ የመጣው ሰው

ኤላይጃ ሀርፐር የተወለደው በ1949 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የትውልድ መንደሩ ሬድ ሰከር ሌክ በሰሜን ምሥራቅ ማኒቶባ ትገኛለች። በአውሮፕላን ካልሆነ፣ ወይም ክረምት ላይ ሐይቁ ሲረጋ በበረዶ በሚሠራ መንገድ ካልሆነ አይገባባትም። ወገኑ ኦጂ ክሪ ነው፤ ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት አገሩ ላይ ከነበሩት ነባር ሕዝቦች አንዱ። ቤተሰቡ አሥራ ሦስት ልጆች ነበሩት። እንደ ብዙ የትውልዱ ልጆች እሱም ከቤቱ ተወስዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ኖርዌይ ሃውስ፣ ብራንደን፣ በርትል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አደገ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች በልጆቹ ቋንቋና ቤተሰብ ላይ ምን እንዳደረሱ ካናዳ የምንኖር ሁሉ ሰምተናል፤ እዚህ አልደግመውም።

ሳነብ ቆም ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። እንደ እሱ ያሉ፣ ከመንግሥት ጋር በተፈረመ ውል የታቀፉ ነባር ሕዝቦች በማኒቶባ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1952 ነው። በፌዴራል ምርጫ ደግሞ በ1960። ሀርፐር ሲወለድ መንደሩ የማይመርጥበት ምክር ቤት ነበር ማለት ነው። እዚያው ምክር ቤት ውስጥ በ1981፣ በ32 ዓመቱ፣ ተመርጦ ገባ። ከነዚህ ሕዝቦች ወገን ለማኒቶባ ምክር ቤት የተመረጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የመንደሩ አለቃ፣ እነሱ ቺፍ የሚሉት፣ ነበር። የወከለው ሩፐርትስላንድ የሚባለውን ሰፊ የሰሜን ምርጫ ክልል ሲሆን ፓርቲው ኒው ዴሞክራቲክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተለመደ የፖለቲከኛ ሕይወት ናቸው። በ1986 በፕሪሚየሩ፣ ማለትም በክፍለ ሀገሩ መሪ፣ በሃዋርድ ፖውሊ ካቢኔ ውስጥ ሚኒስትር ሆነ፤ የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት የሰሜን ጉዳዮች ሚኒስትር ነበር። በዚያው ዓመት ከመጠጥና ከመኪና አደጋ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ከሥልጣን ወረደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰ። ይህን ሊዘሉት የሚወዱ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ መዝለል አልፈልግም። ወድቆ የተነሣ ሰው መሆኑ ለእኔ ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ስለ ሀርፐር ሲወራ ብዙም አይነሣም። በማርች 1988 ጂም ዎልዲንግ የሚባል የዚያው ፓርቲ አባል ተነሥቶ የገዛ መንግሥቱን በጀት ተቃወመ። መንግሥቱ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ሀርፐር ያን ጊዜ ሚኒስትር ነው፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ምን ማድረግ እንደሚችል በዓይኑ አይቷል፤ ዋጋውንም በራሱ ወንበር ከፍሏል። ምርጫ ተደረገ፤ ፓርቲው ሦስተኛ ወጣ፤ ሥልጣኑን የጌሪ ፊልሞን ኮንሰርቫቲቮች ያዙት። እሱም ተራ የተቃዋሚ አባል ሆኖ ተቀመጠ።

ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የፖውሊ መንግሥት ባይወድቅስ? ሀርፐር ሚኒስትር ሆኖ ቢቆይስ? ቀጥዬ የማወራውን ስምምነት በ1987 ለማኒቶባ የፈረሙት ፖውሊ ራሳቸው ናቸው። የካቢኔ አባል ሆኖ የአለቃውን ፊርማ በአደባባይ መቃወም ሌላ ነገር ነው። ሥልጣን ማጣቱ ነው አፉን የፈታለት ማለት ይቻላል።

በአንድ ወር ልዩነት

ታሪኩ የሚጀምረው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነችው ክፍለ ሀገር ከኩቤክ ነው። ካናዳ በ1982 ሕገ መንግሥቷን ከእንግሊዝ አምጥታ የራሷ ስታደርግ የኩቤክ መንግሥት አልተስማማም። ሕጉ በኩቤክም ላይ ይሠራል፤ ግን ፊርማዋ የለበትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን መልሩኒ ይህን ቁስል ለማዳን አሥሩን ፕሪሚየሮች ሚች ሌክ ወደሚባል ቦታ ጠሩ። በኤፕሪል 30 ቀን 1987 ተስማሙ። ኩቤክ «ልዩ ማኅበረሰብ» መሆኗ ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገባል፤ ሌሎች ሥልጣኖችም ይሰጧታል። ስምምነቱ ሕግ እንዲሆን አሥሩም ክፍለ ሀገራት በምክር ቤታቸው ማጽደቅ ነበረባቸው። የጊዜ ገደቡ ሦስት ዓመት ሲሆን የመጨረሻው ቀን ጁን 23 ቀን 1990 ነው።

አሁን ከአንድ ወር በፊት ወደነበረው እንመለስ። ከ1983 ጀምሮ የካናዳ መሪዎች ከነባር ሕዝቦች ተወካዮች ጋር አራት ትልልቅ ጉባኤዎች ተቀምጠዋል። ጥያቄው ራስን በራስ የማስተዳደር መብታችን በሕገ መንግሥቱ በግልጽ ይጻፍ የሚል ነበር። የመጨረሻው ጉባኤ በማርች 1987 ያለ ውጤት ተበተነ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ «ራስን በራስ ማስተዳደር ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ አልተብራራም» የሚል ነው። ከአንድ ወር ብዙም ሳያልፍ እነዚያው መሪዎች «ልዩ ማኅበረሰብ» የሚል ያልተብራራ ቃል በአንድ ቀን ስብሰባ ተቀበሉ። በስምምነቱ ውስጥ ካናዳ የምትገለጸው በፈረንሳይኛ ተናጋሪና በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕዝቦቿ ነው። ከሁለቱም በፊት አገሩ ላይ የነበሩት አልተጠሩም፤ አልተጠየቁም።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሰው መከልከልን ይችለዋል። «ለማንም አይሰጥም» ቢባል ይቀበላል። ለእሱ በተከለከለበት ምክንያት ላይ ለሌላው ሲፈቀድ ማየት ግን ከክልከላው ይበልጥ ያማል። የማኒቶባ ቺፎች በኋላ ያሉትን ሁሉ በዚህ ዓይን ካላዩት ግትርነት ይመስላል።

ጁን 12

ሦስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። መሪዎቹ ግን አባከኑት። መንግሥታት ተቀያየሩ፤ ማኒቶባና ኒው ብራንዝዊክ ሳያጸድቁ ቆዩ፤ ኒውፋውንድላንድ አጽድቃ የነበረውን መልሳ ሰረዘች። ጁን 1990 ሲገባ መልሩኒ ፕሪሚየሮቹን ወደ አገሪቱ ዋና ከተማ ኦታዋ ጠርተው አንድ ሳምንት ሙሉ በዝግ ስብሰባ አቆዩአቸው። በመጨረሻ ፊልሞን ተስማሙ። አብረው የሄዱት ሁለቱ የተቃዋሚ መሪዎችም፣ የሊበራሏ ሻረን ካርስቴርስና የሀርፐር አለቃ ጌሪ ዶር፣ ተስማሙ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ስብሰባው እንዳለቀ መልሩኒ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ የስብሰባውን ጊዜ ሆን ብለው እንደመረጡ፣ እንደ ቁማርተኛ ዳይስ የሚጥሉበትን ቀን ቀድመው እንዳሰቡት ገለጹ። የቀኑ ማጠር ራሱ ሰዎችን ለማስገደጃ ነበር ማለት ነው። አገሩ በንግግሩ ተቆጣ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገራችን ሰው።

ማኒቶባ የራሷ ደንብ አላት። እንዲህ ያለ የውሳኔ ሐሳብ ምክር ቤት ከመግባቱ ሁለት ቀን በፊት ማስታወቂያ መውጣት አለበት። ከዚያ ሕዝብ ቀርቦ ሐሳቡን የሚሰጥበት መድረክ ይከፈታል። ከዚያ ይከራከራሉ፤ ድምፅ ይሰጣሉ። ጊዜ ስለሌለ መንግሥት የማስታወቂያውን ቀን መዝለል ፈለገ። መዝለል ይቻላል፤ ግን የሁሉም አባላት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁሉም ማለት ሁሉም ነው።

ጁን 12 ቀን አፈ ጉባኤው ፈቃድ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሀርፐር ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ የንስር ላባ በእጁ ይዞ፣ «አይ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ» አለ።

የዚያን ሳምንት ቪዲዮ ፈልጌ አይቻለሁ። ትልቅ ንግግር ጠብቄ ነበር። የለም። ሱፍ ለብሷል፤ ረጅሙን ጸጉሩን ወደ ኋላ አስሮታል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ካልተጠጉ አይሰማም። ጠረጴዛ አይመታም። ማንንም አይሰድብም። ላባውን በሁለት ጣቱ መካከል አቁሞ ይዞታል፤ ዓይኑ አንዳንዴ ወደ ላባው፣ አንዳንዴ ወደ ጠረጴዛው ነው። በነሱ ባህል የንስር ላባ የሚያዝ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከባድ ክብር ያለው፣ በጸሎትና በቁም ነገር ጊዜ የሚወጣ ነው። ጥያቄው በቀረበ ቁጥር ያው ሰው፣ ያው ላባ፣ ያው አጭር መልስ።

እኔን የገዛኝ መደጋገሙ ነው። በማግሥቱ ተመልሶ መጥቶ ያንኑ አለ። ከዚያም በሚቀጥለው ቀን። እኛ ስለ ጀግና ስናወራ ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ነገር ነው የምናወራው፤ ወጣ፣ ገጠመ፣ አሸነፈ ወይም ወደቀ። የማታ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ስልኩ ሲጮህ አምሽቶ፣ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ እዚያው ወንበር ላይ ተመልሶ የሚቀመጥ ጀግና ብዙም አንተርክም። አገሩ ሁሉ እያየው ነበር። የራሱ ፓርቲ መሪ የተስማማበት ጉዳይ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አገር ይፈርሳል እያሉ ነበር።

ብቻውን ግን አልነበረም፤ ይህ መረሳት የለበትም። የማኒቶባ ቺፎች ጉባኤ ከመሪው ከፊል ፎንቴን ጋር ከኋላው ቆሟል። በሕጉ በኩል ኦቪድ መርክሬዲ ነበር። የምክር ቤቱን አሠራር ውስጡን የሚያውቅ፣ ቀድሞ የምክር ቤቱ ምክትል ጸሐፊ የነበረ ጎርድ ማኪንቶሽ የሚባል ሰው የትኛው አንቀጽ የት እንዳለ ያሳያቸው ነበር። ውጭ ደግሞ ሕዝቡ ከበሮ ይዞ ተሰብስቧል። በቴሌቪዥን የሚታየው አንድ ሰው ነው። ከበስተኋላው ግን ማታ ማታ ደንብ እያገላበጡ ያደሩ ሰዎች አሉ።

ኦታዋ ደነገጠ። የፌዴራሉ ሴናተር ሎውል መሪ ዊኒፔግ ድረስ መጥተው ስድስት ነጥብ ያለው ሐሳብ አቀረቡ። አንዱ ነጥብ የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የሚመረምር ትልቅ ንጉሣዊ ኮሚሽን ይቋቋማል የሚል ነው። ቺፎቹ አልተቀበሉትም። ለሦስት ዓመት ያልታወሰ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ሲታወስ፣ አስታዋሹን ማመን ይከብደዋል።

ቀኑ እየነጎደ ሄደ። ለሕዝብ መድረኩ ለመናገር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመዝግበዋል። ጁን 22 ዓርብ ነበር። ምክር ቤቱ በደንቡ መሠረት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ይበተናል። ስብሰባውን ለማራዘም እንደገና የሁሉም ፈቃድ ተጠየቀ። ሀርፐር እንደገና አይ አለ። ምክር ቤቱ ተበተነ። በኒውፋውንድላንድም ፕሪሚየሩ ክላይድ ዌልስ ጉዳዩን ለድምፅ ሳያቀርቡት ቀሩ። በማግሥቱ የሚች ሌክ ስምምነት ሞተ።

ማን ማንን አገደ?

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አንድ ሰው አገር ያግዳል?

መጀመሪያ ላይ እኔም ነገሩን እንዲህ ነበር ያየሁት፤ አንድ ሰው በአንድ በኩል፣ ከሃምሳ በላይ ሰው በሌላ በኩል። አሠራሩን አንብቤ ስጨርስ ግን ሥዕሉ ተገለበጠብኝ። ሀርፐር የብዙኃኑን ድምፅ አልሻረም። መሻርም አይችልም ነበር። ደንቡን ተከትለው በጊዜ ቢመጡ፣ ማስታወቂያ አውጥተው፣ ሕዝቡን ሰምተው፣ ድምፅ ቢሰጡ ኖሮ ያሸንፉት ነበር። እሱም ቁጭ ብሎ ይሸነፍ ነበር። የጠየቁት ሌላ ነገር ነው። «ይህን ደንብ ለዛሬ እንዝለለው፤ ትፈቅዳለህ?» ነው ያሉት። ደንቡ ደግሞ የተሠራው እንደሱ ላለ ሰው ነው፤ ሳይነገረው ለሚያልፍበት፣ ሳይሰማ ለሚወሰንበት። እሱ የነሳቸው ድምፃቸውን ሳይሆን ውለታውን ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ብዙ ነገር ተብራራልኝ። ፈቃድ ሲጠየቅ «አይ» የማለት መብት ከሌለ፣ ጥያቄው ጥያቄ አይደለም። በእኛ ማኅበራት ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰበካም ሆነ በማኅበረሰብ ድርጅት፣ ስንት ነገር «የሚቃወም አለ?» ተብሎ በዝምታ ያልፋል! ጠያቂውም መልስ አይጠብቅም፤ ወረቀቱን እያጠፈ ነው የሚጠይቀው። ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። ዝምታ ለበግም አልበጃት ማለቱን እናውቃለን፤ ግን ሰዓቱ መሽቷል፣ ሰው ይታዘበናል፣ ሽማግሌውን ማሳፈር ይሆናል። ከዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ «መቼ ነው ይህ የተወሰነው?» እየተባባልን እንጣላለን፤ ማኅበር ለሁለት ይከፈላል። በውጭ አገር የምንኖር አበሾች ይህን ታሪክ በየከተማችን አይተነዋል።

እዚህ ላይ የሌሎቹም ድርሻ ይታየኛል። አፈ ጉባኤው «አይ» ሲባሉ ሰምተው አለፉ። ማንም መጥቶ ሀርፐርን ከወንበሩ አላነሣውም። ጌሪ ዶር አባሉን ከፓርቲ አላባረረም። ፕሪሚየሩ ደንቡን በግርግር አልጣሰም። ያ ሁሉ ጫና እያለ ደንቡ ደንብ ሆኖ ቀረ። የሀርፐር ድፍረት የተቀመጠው በዚህ ላይ ነው። ደንብ በማይከበርበት ቤት ውስጥ ላባ ይዞ መቀመጥ ምንም አያመጣም።

ማኒቶባ ምክር ቤት ሄጄ ጋለሪው ላይ ተቀምጬ ነበር። መግቢያው ላይ ትልልቅ የነሐስ ጎሾች ከደረጃው ግራና ቀኝ ቆመዋል። አዳራሹ እንደ ፈረስ ጫማ ክብ ነው፤ አባላቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ትንሽ ነው፤ በቴሌቪዥን ከሚመስለው በጣም ያንሳል። ከላይ ሆኜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ «አይ» የሚል ሰው የሁሉንም ፊት እያየ ነው የሚለው። የሚቆጡትን ከሩቅ አይደለም የሚሰማቸው። የጎረቤቱ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማዋል።

የኩቤክስ?

ታሪኩን እዚህ ላይ በድል ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱ ሙሉ አይሆንም።

የኩቤክ ሰዎች ያን ሰኔ የተሰማቸው ሌላ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በመጨረሻ «ልዩ ናችሁ» ሊባሉ ነበር፤ የተቀረው ካናዳ ናቀን ብለው አዘኑ። ቁጣው ብሎክ ኬቤኳ የሚባለውን፣ ኩቤክ ትገንጠል የሚለውን ፓርቲ ወለደ። በ1992 ሻርለትታውን በሚባል ሌላ ስምምነት፣ በዚህኛው የነባር ሕዝቦችም ጥያቄ ተካቶ፣ ሌላ ሙከራ ተደረገ። በሕዝበ ውሳኔ ወደቀ። በ1995 ኩቤክ ልገንጠል ወይ ብላ ድምፅ ሰጠች። አንገንጠል ያሉት 50.58 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር በፀጉር ተንጠልጥላ ቀረች።

ሀርፐርና ቺፎቹ ከኩቤክ ጋር ጠብ እንደሌላቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ጠባቸው እነሱን ከዘለለው አካሄድ ጋር ነበር። እኔ አምናቸዋለሁ። ግን አንድ የተበደለ ሕዝብ ጥያቄውን ለማሰማት ያገኘው ብቸኛ በር የሌላ ቅር የተሰኘ ሕዝብ ተስፋ የሚያልፍበት በር ሆነ። ይህ የማን ጥፋት ነው? ለእኔ መልሱ ሁለቱን በሁለት የተለያየ ጉባኤ ያስቀመጠው፣ ከዚያም ጊዜ አሳጥሮ ያጣደፈው ነው። ሁለቱ ባንድ ጠረጴዛ በጊዜው ቢቀመጡ ኖሮ አንዱ የሌላው እንቅፋት ባልሆነም ነበር። ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ሕዝቦች መብት ስንከራከር ለምንውል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ባዕድ ነገር አይደለም።

ኮሚሽኑም አልቀረም። በጫና ሰዓት እንደ መደለያ የቀረበው ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1991 እውነት ተቋቋመ፤ በ1996 ሰፊ ሪፖርት አወጣ። በ1990 በጋ ደግሞ፣ ሚች ሌክ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኩቤክ ውስጥ ኦካ በሚባል ቦታ የሞሃውክ ሕዝብ መሬቱን ለጎልፍ ሜዳ አልሰጥም ብሎ ከመንግሥት ጋር ተፋጠጠ። ወታደር ገባ። የዚያ ዓመት ካናዳ ነባር ሕዝቦቿን አላየሁም ማለት አልቻለችም።

ከላባው በኋላ

የሀርፐር የኋላ ዘመን ብዙም አይወራም። እኔ ደግሞ የበለጠ የማስበው ያንን ነው።

በ1993 በሊበራል ፓርቲ ስም ለፌዴራል ፓርላማ ተወዳድሮ ቸርችል የሚባለውን የሰሜን ማኒቶባ ምርጫ ክልል አሸነፈ። ፓርቲ መቀየሩ ቅር ያሰኛቸው ነበሩ። ኦታዋ ሲገባ እዚያ የሚሰበር ደንብ፣ የሚይዘው በር አልነበረም። ከብዙ መቶ አባላት አንዱ ነው። ታመመ፤ ሐኪሞች ምንነቱን ለማወቅ የተቸገሩበት ሕመም ለረጅም ጊዜ አደከመው። ሲሻለው በ1995 መጨረሻ ከኦታዋ ወንዝ ማዶ ሃል ላይ የእምነት መሪዎችን፣ የነባር ሕዝቦችን ሽማግሌዎችንና ፖለቲከኞችን የሰበሰበ «ቅዱስ ጉባኤ» አዘጋጀ። እርቅ ከፖለቲካ ብቻ አይመጣም የሚል እምነት ነበረው። በ1997 ምርጫ ተሸነፈ። አገር ሙሉ የሚያውቀውን ሰው የገዛ ሰሜኑ አሰናበተው።

ይህ ሲያሳዝነኝ ቆየ። በኋላ ግን ሌላ መልክ አየሁበት። ሰሜን ማኒቶባ መንገድ፣ ውሃ፣ ቤት፣ ሐኪም የሚፈልግ አገር ነው። ሕዝቡ ላባውን አልረሳም። ግን የ1990ው ክብር በ1997 ድምፅ እንዲሰጠው አላስገደደውም። እሱም በኋላ የመሬት ይገባኛል ጥያቄዎችን በሚያይ የፌዴራል ኮሚሽን ውስጥ ሠራ፤ በየአገሩ እየዞረ ተናገረ። በሜይ 2013 በ64 ዓመቱ ከስኳር በሽታ ጋር በተያያዘ የልብ ሕመም አረፈ። አስከሬኑ ዊኒፔግ መጥቶ እዚያው «አይ» ባለበት ሕንፃ ውስጥ ሕዝብ ተሰናበተው። 

በ2023 የማኒቶባ ሕዝብ ዋብ ኪኒውን ፕሪሚየር አድርጎ መረጠ። በካናዳ ታሪክ አንድን ክፍለ ሀገር የመራ የመጀመሪያው የፈርስት ኔሽንስ፣ እንደ ሀርፐር ወገን ያሉት ነባር ሕዝቦች፣ ተወላጅ ነው። ይህን ስሰማ የሀርፐር ወላጆች ልጃቸውን ሲወልዱ ድምፅ እንኳ መስጠት የማይችሉ እንደነበሩ አስባለሁ።

ለእኛ ለመጤዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ተለውጧል። ከ2021 ጀምሮ የካናዳ ዜግነት የሚወስድ ሰው በሚምልበት ቃል ውስጥ አዲስ ሐረግ ገብቷል። ሕገ መንግሥቱ የፈርስት ኔሽንስ፣ የኢኑዊትና የሜቲስ ሕዝቦችን ነባር መብትና የውል መብት እንደሚያውቅና እንደሚያጸና አንብበን፣ ቀኝ እጃችንን አንሥተን ነው የምንምለው። ወገኖቻችን በየወሩ ይህን ይምላሉ። ብዙዎቹ ማለፊያ ልብስ ለብሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባብለው ይወጣሉ። የማሉለት ሕዝብ ማን እንደሆነ የሚነግራቸው ግን ጥቂት ነው። መሐላ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑ ሰዎች ምን ልጨምር ብለው ሲጠይቁኝ የኤላይጃ ሀርፐርን ስም እነግራቸዋለሁ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ምክር ቤቱን እዩ እላቸዋለሁ። ብሮድዌይ ላይ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ስብሰባ ባለበት ቀን ጋለሪው ላይ ቁጭ ብሎ መስማት ለማንም ይቻላል።